የነቢዩ አሳዳጊ፣ ሐበሻዊቱ ኡሙ አይመን

ፅንሱን በእናቱ ማኅፀን ለሚመግብ፣ ወላጅ ላጣ ልጅ አሳዳጊ ለሚያዘጋጅ፣ የደካማውን ዋጋ ለማያጠፋ አላህ ምስጋና ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። በዚህ ምዕራፍ ስማቸው በተነሣ ቍጥር አንባቢው ሰላትና ሰላም ያወርድባቸው ዘንድ አደራ እንላለን።

ከዚህ በኋላ፣ ውድ አንባቢ ሆይ! በአምቦ ወይም በጉደር፣ በጊንጪ ወይም በጌዶ ወይም በባኮ ሱቅ ከፍተህ የምትነግድ ከሆንህ፣ ቤትህን ማን እንደሚጠብቅልህ አንድ ጊዜ ቆም ብለህ አስብ። አንተ የሱብሒን ሰላት ሰግደህ ወደ መደብርህ ወይም ወደ ነቀምቴ መንገድ ትወጣለህ፤ ሚስትህ በልጆችና በሥራ ተይዛለች፤ ከምድጃው አጠገብ ግን አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። እናትህ ትሆናለች፤ አያትህ ትሆናለች፤ ወይም በደም ሳትዛመድህ አዝላ ያሳደገችህ ሴት ትሆናለች። ከልጆቹ አንዱ እማማ፣ ሌላው በኦሮምኛ አኮ ይላታል። የትኛው ልጅ በየትኛው ክረምት እንደ ተወለደ፣ የአባትህ መቃብር በየት በኩል እንደ ሆነ፣ የየትኛው ጎረቤት ውለታ እንዳለባችሁ የምታውቅ እርሷ ናት። እርሷ በሞተች ጊዜ ቤቱ ምን እንዳጣ የሚታወቀው ግን ከቀብር መልስ ነው።

ስለዚህ ከዓረብኛ የሐዲስና የታሪክ መጻሕፍት ለቅመን፣ ከአገራችን ከሐበሻ ወገን የሆነች የአንዲት እንዲህ ያለች ሴት ታሪክ በአማርኛ እናቀርብልሃለን። የኖረችበት ቤት ከቤቶች ሁሉ የከበረው የነቢያችን ቤት ነው። ስታነብ ከምድጃህ አጠገብ የተቀመጠችውን አሮጊት ከልብህ አታውጣ፤ ታሪኩ የተጻፈው ለዚሁ ነውና።

የዚህች ሴት የራሷ ስም በረካ፣ የአባቷም ስም ሠዕለባ ነው። ኡሙ አይመን ማለት የአይመን እናት ማለት ሲሆን በመጀመሪያ ልጇ ስም መጠራቷ ነው። አላህ መልካም ሥራዋን ይውደድላት። በመካ የዐብዱልሙጠሊብ ልጅ የዐብዱላህ ባሪያ ነበረች። ዐብዱላህ እንደ አንተ ነጋዴ ነበሩ። ወደ ሻም አገር ለንግድ ወጥተው ሲመለሱ በየስሪብ ከተማ ታመሙና ገና በወጣትነታቸው ልጃቸውን ሳያዩ ሞቱ። የታሪክ ጸሐፊዎች የተዉትን ንብረት ቈጥረው ጽፈውታል፤ ይኸውም 5 ግመሎች፣ ጥቂት የበግ መንጋና ይህች ሐበሻዊት ሴት ነበሩ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቍጥር ልብ በል። በዚያን ዘመን ሰዎች ዓይን እርሷ ከግመሉና ከበጉ ጋር የምትቈጠር፣ ከሟች ወደ ወራሽ የምትተላለፍ ዕቃ ነበረች። ወራሹም ገና በእናቱ ማኅፀን የነበረው ልጅ ነው።

ነቢያችን የተወለዱት የዝሆን ዓመት በተባለው፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ570 ገደማ ነው። ዓመቱ ይህን ስም ያገኘው የየመን ገዢ የነበረው ሐበሻዊው አብረሃ ካዕባን ለማፍረስ ዝሆን አስከትሎ ስለ ዘመተበት ነው። የአላህ ጥበብ ድንቅ ነው፤ ከአንድ አገር የወጣ ጦር የአላህን ቤት ሊያፈርስ በመጣበት ዘመን፣ ከዚያው አገር የተገኘች አንዲት ባሪያ የአላህን መልእክተኛ ልታሳድግ በመካ ተገኘች። ስለዚህ ሰው በአገሩ አይመካ፤ በአገሩም አይነቀፍ። የሚመዘነው በሥራው ነው።

ሕፃኑ በበረሓ ከሐሊማ ዘንድ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ከተመለሱ በኋላ፣ 6 ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው አሚና የአባታቸውን ዘመዶች ለማየት ወደ የስሪብ ይዛቸው ሄደች። ኡሙ አይመንም አብራ ነበረች። በዚያ አንድ ወር ያህል ቆይተው ሲመለሱ አሚና በመንገድ ታመመችና አብዋ በተባለው ስፍራ ሞተች፤ እዚያውም ተቀበረች። እንግዲህ አስበው፤ በበረሓ መካከል አንድ አዲስ መቃብር፣ አንድ የ6 ዓመት የቲምና አንዲት ባሪያ ብቻ ቀሩ። ከዚያ እስከ መካ ያለው መንገድ ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ ካለው እጥፍ ያህል ነው። የሚያዛት ጌታም እመቤትም ከጎኗ አልነበረም። እርሷ ግን ልጁን በግመል አስቀምጣ፣ እያጽናናች፣ እየመገበችና እየጠበቀች መካ አድርሳ ለአያታቸው ለዐብዱልሙጠሊብ አስረከበች።

ዐብዱልሙጠሊብም የልጁን ነገር ችላ እንዳትል አጥብቀው አደራ ሰጧት። ከሁለት ዓመት በኋላ እርሳቸውም ሞቱ፤ የቲሙም ወደ አጎታቸው ወደ አቡ ጣሊብ ቤት ሄዱ። አባት ሞተ፤ እናት ሞተች፤ አያት ሞተ፤ ቤት ተለዋወጠ። ያልተለወጠችው እርሷ ብቻ ናት። ልጁ በሕፃንነታቸው ረኃብንም ጥማትንም እንደማያማርሩ፣ ብዙ ጊዜ ማለዳ የዘምዘምን ውሃ ጠጥተው እንደሚውሉ ለኋለኞቹ የተናገረችው እርሷ ናት። እርሷ ባትኖር የዚያን ዕድሜ ነገር ማን ይነግረን ነበር? የቤተሰብ ታሪክ የሚጠበቀው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባሉ ሴቶች ልብ ውስጥ ነው።

ነቢያችን አድገው፣ በንግድ ታማኝነታቸው ታውቀው፣ በ25 ዓመታቸው ኸዲጃን ባገቡ ጊዜ ይህችን አሳዳጊያቸውን ነፃ አወጧት። ይህ የሆነው ገና ራእይ ሳይወርድላቸው ነው። በውርስ በእጃቸው የገባችውን ሴት፣ በሸክሟ ያሳደገቻቸውን፣ እንደ ንብረት ይዘው መኖር አልወደዱም። እርሷም ዑበይድ የተባለውን የየስሪብ ሰው አግብታ አይመንን ወለደች። ዑበይድ ሲሞት ልጇን ይዛ ወደ አሳደገቻቸው ሰው ቤት ተመለሰች።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን የሩቅ አገር ወሬ አድርገህ አትለፈው። በ19ኛው መቶ ዘመን ከምዕራቡ የአገራችን ክፍል ወደ ሸዋና ወደ ጎጃም፣ ከዚያም ወደ ባሕር ወደቦች በሚወርደው የንግድ መንገድ ይጫን የነበረው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ብቻ አልነበረም። ሰውም ይነዳበት ነበር። ከሲራራ ነጋዴዎቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ይህን መደበቅ አይገባንም። ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓመተ ምሕረት ነው። አዋጁ ከወጣ በኋላም መሄጃ ያጡ ብዙ ሴቶች በገቡበት ቤት ቀርተው፣ የሰው ልጅ አሳድገው፣ በዚያው አርጅተው ሞተዋል። የቤቱ የዘር ሐረግ ሲቈጠር የእነርሱ ስም አይነሣም። አያትህን ወይም አባትህን ያዘለች እንዲህ ያለች ሴት በቤታችሁ ኖራ እንደ ሆነ ጠይቅ። ስሟን ካገኘህ ለልጆችህ ንገራቸው፤ በዱዓህም አስባት። የነቢዩ ሱንና ይህ ነውና።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ራእይ በወረደ ጊዜ ኡሙ አይመን ከመጀመሪያዎቹ አማኞች መካከል ነበረች። ከሕፃንነታቸው ጀምራ የምታውቃቸው ሴት ቃላቸውን ስትቀበል ትልቅ ምስክርነት ነው፤ ሰውን በገበያ የሚያውቀው ሊሳሳት ይችላል፤ በቤት ውስጥ ያሳደገው ግን አይሳሳትም። ነቢዩም በዚያ ዘመን ከጀነት ሴቶች አንዲቱን ለማግባት የሚሻ ሰው ኡሙ አይመንን እንዲያገባ አመለከቱ። ዘይድ ኢብን ሓሪሣም አገባት። ዘይድ ራሱ በልጅነቱ ተማርኮ በዑካዝ ገበያ የተሸጠ፣ በኋላም በነቢዩ እጅ ነፃ የወጣ ሰው ነበር። ከሁለቱ ኡሳማ ተወለደ። እንግዲህ በገንዘብ ከተለወጡ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት የተወለደ ልጅ በነቢዩ ጭን ላይ ከልጅ ልጃቸው ከሐሰን ጋር እየተቀመጠ አደገ።

ዘይድ መልኩ ቀላ ያለ፣ ኡሳማ ግን እንደ እናቱ ጥቁር ነበር። በዚህም ምክንያት ምላሰኞች የልጁን ትውልድ ያሙ ነበር። አንድ ቀን አባትና ልጅ ፊታቸውን ተሸፍነው፣ እግራቸው ብቻ ወጥቶ ተኝተው ሳሉ፣ ከእግር ቅርጽ ዘርን በመለየት የታወቀ አንድ ዓረብ አያቸውና እነዚህ እግሮች አንዱ ከሌላው የተገኙ ናቸው ብሎ መሰከረ። ነቢዩ በዚህ እጅግ ደስ ብሏቸው፣ ፊታቸው እያበራ ወደ ባለቤታቸው ወደ ዓኢሻ ገብተው ነገሯት። የኡሙ አይመን ክብር ሲነካ እርሳቸውን ያማቸው ነበር፤ ክብሯ ሲመለስም እንደ ራሳቸው ደስታ ሆነላቸው። ዛሬ በጠብ ጊዜ ሰውን በመልኩ ወይም በአያቱ ትውልድ የሚሰድብ ሙስሊም ይህን ያስብ።

ወደ መዲና በተደረገው ስደት ጊዜ ስለ ደረሰባት ነገር የታሪክ ጸሐፊዎች እንዲህ ብለው ያወሳሉ። በረውሓእ አቅራቢያ ጾመኛ ሳለች ውሃ አጥታ ጥማቱ ከሞት አፋፍ አደረሳት፤ በዚያን ጊዜ በነጭ ገመድ የታሰረ የውሃ ባልዲ ከሰማይ ወረደላትና ጠጣች፤ ከዚያም ወዲያ በሐሩር ቀን ብትጾም እንኳ ጥማት አልነካትም። አንባቢ ሆይ፣ አንተ የምትኖረው ውሃ ከምድር ውስጥ እየፈላ በሚወጣበት በአምቦ አገር ነው፤ በበረሓ ላይ ያለ ጥማት ምን እንደ ሆነ በቀላሉ አይታይህም። ሆኖም ያለ ተሸካሚ፣ ያለ ስንቅ፣ ለአላህ ብላ የወጣችን ሴት አላህ እንዳልጣላት ከዚህ ተማር።

በመዲናም ዕድሜዋ ቢገፋ ከቤት አልቀረችም። በ3 ዓመተ ሒጅራ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ625፣ በኡሑድ ጦርነት ውሃ እያጠጣችና ቍስለኞችን እያከመች በጦሩ መካከል ትመላለስ ነበር። ከጠላት ወገን አንድ ሰው ቀስት ወረወረባት። ሙስሊሞች ተደናግጠው ወደ መዲና በሸሹ ጊዜም ፊታቸው ላይ አፈር እየበተነች፣ እንዝርቱን እነርሱ እንዲይዙና ሰይፉን ለእርሷ እንዲሰጧት ትነግራቸው እንደ ነበር ተጽፏል። በ7 ዓመተ ሒጅራ በኸይበር ዘመቻም ተገኝታለች።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ከባድ ሐዘን መጣባት። በ8 ዓመተ ሒጅራ ባሏ ዘይድ በሙእታ የጦሩ አዛዥ ሆኖ ሲዋጋ ሸሂድ ሆነ። በዚያው ዓመት የበኵር ልጇ አይመን በሑነይን ጦርነት ብዙዎች ሲሸሹ ከነቢዩ ዘንድ ጸንቶ ቆመና ተገደለ። አንዲት አሮጊት በአንድ ዓመት ውስጥ ባልም ልጅም ቀበረች። ሆኖም አልተጣለችም። ነቢዩ እርሷን ባዩ ቍጥር ከቤተሰባቸው የቀረች እርሷ መሆኗን ይናገሩ ነበር፤ ወላጅ እናታቸውን ተከትላ ሁለተኛ እናት የሆነችላቸው እርሷ እንደ ሆነችም ይመሰክሩላት ነበር። ወደ ቤቷም እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። ማስጠራት ሲችሉ ራሳቸው ይሄዱ ነበር።

ደግሞ እንዴት ይታገሷት እንደ ነበር ስማ። አንደበቷ የዓረብኛን ድምፆች በትክክል አያወጣም ነበር። ስትገባ የምታቀርበው ሰላምታ በአንዲት ትንሽ ቃል ስሕተት ትርጕሙ ተገልብጦ ሰላም አይሁንባችሁ የማለት ያህል ይሆን ነበር። ነቢዩ አልሳቁባትም፤ አላሳፈሯትምም። ሰላም የሚለውን ቃል ብቻ እንድትል ፈቀዱላት፤ ነገሩም በዚህ አለቀ። በእኛ ከተሞች ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ጉራግኛና ስልጥኛ በአንድ ገበያ ይሰማሉ። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በአያቱ አነጋገር ሲስቅ አባቱ አብሮ ይስቃል። አንባቢ ሆይ፣ አንተስ በዚህ ጊዜ የምታደርገው ምንድን ነው?

አንድ ቀን ነቢዩ ሊጠይቋት ሄደው መጠጥ አቀረበችላቸው። ጾመኛ ሆነው ወይም ሳያሰኛቸው ቀርቶ አልጠጡም። እርሷም እናት ልጇን እንደምትቈጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተቈጣቻቸው። እርሳቸውም ታገሡ። በሌላ ቀን የምትቀመጥበት ግመል ጠየቀቻቸው፤ እርሳቸውም የግመል ልጅ እንደሚሰጧት ነገሯት። ግልገል መስሏት ሊሸከማት እንደማይችል ስትናገር፣ ትልቁም ግመል ቢሆን የግመል ልጅ መሆኑን አስረዷት። ይቀልዱ ነበር፤ ነገር ግን በቀልዳቸው ሐሰት አልነበረበትም፤ አሮጊቷንም የሚያዋርድ አልነበረም።

ለነጋዴ አንባቢዎቻችን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ከስደት በኋላ የመዲና ሰዎች ንብረት ለሌላቸው ስደተኞች የተምር ዛፎቻቸውን ፍሬ ይሰጡ ነበር። የአነስ እናት ለነቢዩ የሰጠቻቸውን ዛፎች እርሳቸው ለኡሙ አይመን ሰጥተዋት ነበር። ከኸይበር በኋላ ስደተኞቹ ሀብት ስላገኙ ለባለቤቶቹ ሊመልሱ ሆነ፤ አነስም የቤተሰቡን ዛፎች ሊጠይቅ መጣ። ኡሙ አይመን ግን የራሷ ንብረት መስሏት ነበርና ልብሷን በልጁ አንገት ላይ ጠምጥማ እንደማትሰጥ ማለች። ነቢዩ የመዲና መሪ ነበሩ፤ የሕጉም ፍርድ ግልጽ ነበር፤ አስገድደው መቀበል ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በምትኩ ይህን ያህል እሰጥሻለሁ አሏት፤ እንቢ አለች፤ ጨመሩ፤ አሁንም እንቢ አለች፤ እስከ 10 እጥፍ ያህል ጨምረው እስኪሰጧትና ልቧ እስኪረጋ ድረስ ታገሧት። ለአነስ ቤተሰብ መብታቸው ተመለሰ፤ አሮጊቷም አልተከፋችም። አንተም በውርስ ክፍያ ጊዜ፣ አሮጊቷ የምትኖርበትን ክፍል ወይም የያዘችውን ጓሮ ወንድሞችህ በሕግ ልትለቅ ይገባታል ባሉ ጊዜ፣ ከራስህ ድርሻ ምን ያህል ጨምረህ ልቧን ልታረጋጋ ትችላለህ?

በ11 ዓመተ ሒጅራ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ632፣ ነቢዩ ወደ ሻም የሚዘምተውን ጦር እንዲመራ ኡሳማን ሾሙት። ዕድሜው 20 ዓመት ያህል ነበር፤ በጦሩም ውስጥ ታላላቅ ባልደረቦች ነበሩበት። ጦሩ በጁርፍ ሰፍሮ ሳለ ከመዲና መልእክተኛ ደረሰ፤ የላከችውም እናቱ ኡሙ አይመን ናት፤ ነቢዩ በመጨረሻ ሰዓታቸው ላይ መሆናቸውን አስታወቀችው። በሕፃንነታቸው ያሳደገቻቸው ሴት የመሞታቸውንም ወሬ ለጦሩ የላከች ሆነች። ነቢዩ ካረፉ በኋላ ኸሊፋው ሰይዲና አቡ በክር ጦሩን ሲሸኙ ኡሳማ በፈረስ ተቀምጦ እርሳቸው በእግራቸው አጠገቡ ሄዱ፤ ሰይዲና ዑመር በመዲና እንዲቀሩላቸውም ኡሳማን አስፈቀዱ። ከግመልና ከበግ ጋር ተቈጥራ የነበረችው ሴት ልጅ በፈረስ ሲሄድ የሙስሊሞች ኸሊፋ በእግር አጀቡት።

ነቢዩ ካረፉ በኋላ አቡ በክር ዑመርን፣ ነቢዩ እንደሚያደርጉት እኛም ኡሙ አይመንን እንጠይቃት አሏቸውና አብረው ሄዱ። ገና እንዳየቻቸው አለቀሰች። እነርሱም በአላህ ዘንድ ያለው ለነቢዩ የተሻለ መሆኑን እያስታወሱ አጽናኗት። እርሷም ይህን ሳታውቅ ቀርታ እንዳላለቀሰች፣ የምታለቅሰው ከሰማይ የሚወርደው ራእይ ስለ ተቋረጠ እንደ ሆነ ነገረቻቸው። ይህን ጊዜ ሁለቱም ከእርሷ ጋር አለቀሱ። መጽናናት ይገባታል ያሏት ሴት እነርሱ ካሰቡት ሐዘን የሚርቅ ሐዘን ነበራት። ባለ ሥልጣኖቹ ሄደው ባይጠይቋት ኖሮ ይህን ባልሰሙም ነበር። እማማ ምን ታውቃለች ብሎ የሚያልፍ ሰው የሚያጣው ይህን የመሰለ ነገር ነው።

ስለ ሞቷ ዘመን የዑለማዎች ቃል ሁለት ነው። አንዱ ከነቢዩ በኋላ 5 ወይም 6 ወር ቆይታ ሞተች የሚል ሲሆን፣ ሌላው ዑመር በተገደሉ ጊዜ አልቅሳ በዑስማን ኺላፋ መጀመሪያ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ644 በኋላ ሞተች ይላል። በሁለተኛው ቃል መሠረት በዑስማን ዘመን የአንድ የተምር ዛፍ ዋጋ እስከ 1,000 ዲርሃም ደርሶ ሳለ፣ ኡሳማ አንዱን ዛፍ ሰርስሮ ከውስጡ ያለውን ለስላሳ ልብ አውጥቶ ለእናቱ እንዳበላት ተዘግቧል። እንሰትን የምታውቅ አንባቢ ነገሩ ይገባሃል፤ ለአንድ ማዕድ ሲባል ተክሉ በሙሉ ይጠፋል። ሰዎች በዚህ ውድ ዘመን ይህን ለምን አደረግህ ቢሉት፣ እናቱ ስለ ጠየቀችው መሆኑን፣ የምትጠይቀውንም ሁሉ እስከቻለ ድረስ እንደማይከለክላት መለሰ። ለ1,000 ዲርሃም ዛፍ ሒሳብ አላወጣም።

አንባቢ ሆይ፣ ወደ ምድጃህ ተመለስ። ብዙዎቻችን ለአሮጊቷ ገንዘብ እንልካለን፤ ልብስ እንገዛለን፤ ስትሞትም ሰፊ ሰደቃ እናዘጋጃለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በሕይወቷ ሳለች አጠገቧ የተቀመጥንበት ሰዓት ቢቈጠር ስንት ይሆናል? ነቢዩ የአገርና የዲን ሸክም በትከሻቸው ሳለ ወደ ኡሙ አይመን ቤት የሚሄዱበት ጊዜ አላጡም። አቡ በክርና ዑመርም አላጡም። የአንተ ሱቅ ከእነርሱ ሥራ አይበልጥም። ከጁምዓ ሰላት መልስ፣ ወይም ከመንገድ የገባህ ዕለት ዕቃው ሳይራገፍ፣ ሄደህ አጠገቧ ተቀመጥ። ያቀረበችልህን ቅመስ። ብትቈጣህ ታገሥ። የአባትህን ልጅነት፣ የአሮጌውን ዘመን ነገር ጠይቃት፤ ልጆችህም ይስሙ።

እናንተም እኅቶች፣ ያሳደጋችሁት ልጅ ከሆዳችሁ ባይወጣ አላህ ዘንድ ዋጋችሁ አይጐድልም። ኡሙ አይመን ነቢዩን አልወለደችም፤ ነገር ግን ከእናታቸው መቃብር አንሥታ ለመካ አድርሳቸዋለች።

ጌታችን ሆይ፣ ኡሙ አይመንን በከፍተኛው ጀነት አኑራት። በየቤታችን አዝለው ያሳደጉንን እናቶች፣ ስማቸውን የምናውቀውንም የረሳነውንም ሁሉ ማራቸው። በሕይወት ላሉት የምንታዘዝና የምንታገሥ ልጆች አድርገን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። አሚን።